የሲድኒ ፖይቲየር ምሽቶች፦ በጋራ ረቂቁ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ከፕሮግራም ክፍሉ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ለሚማሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የምናዘጋጀው የዘንድሮው የፊልም ፕሮግራም በተዋናዩ በሲድኒ ፖይቲየር ሕይወትና ሥራ ላይ እንዲሆን ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። ለሥራ አመራር ቦርዱ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ ከመጻፌ በፊት አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። የእኔ ሐሳብ አንድ ምሽት ብቻ ይዘን፣ በ1964 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ያሸለመውንና ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ያደረገውን «ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ» ማሳየት፣ ከዚያም ስለ ሕይወቱ አጠር ያለ ገለጻ ማድረግ ነው።

ከትምህርት ቤቱ መምህርት፦

ጸሐፊያችን ስለ ደከሙበት አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ከሽልማቱ መጀመሩን አልደግፍም። ፖይቲየር በ1927 ማያሚ ውስጥ የተወለደው፣ ወላጆቹ ከባሃማስ ቲማቲም ሊሸጡ በሄዱበት ያለ ወሩ ነው። ያደገው መብራትና የቧንቧ ውኃ ባልነበረባት የባሃማስ ደሴት በካት አይላንድ ሲሆን፣ ፍሎሪዳ የባሃማስ ቲማቲም እንዳይገባ ስትከለክል የቤተሰቡ ገበያ ስለ ተዘጋ በአሥር ዓመቱ ወደ ባሃማስ ዋና ከተማ ወደ ናሶ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ማያሚ፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ።

እዚያ ሰሐን እያጠበ ሲኖር ሃርለም የሚገኘው አሜሪካን ኒግሮ ቲያትር ተዋንያን እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ አይቶ ለፈተና ቀረበ። የተሰጠውን ጽሑፍ በደሴቲቱ ቅላፄ እየተንተባተበ ማንበብ ሲጀምር ፈታኙ ከመድረክ አውርዶ፣ ሄደህ ሰሐን እጠብ ብሎ አባረረው። እሱ ግን ሬዲዮ ገዛና የተናጋሪዎቹን ድምፅ እየተከተለ፣ የሰማውን እየደገመ ወራት አሳለፈ። ኩዊንስ ውስጥ በሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ አረጋዊ አይሁዳዊ አስተናጋጅ ጋዜጣ ይዞ ቢያየው ምን አዲስ ነገር አለ ብሎ ጠየቀው፤ ፖይቲየርም በደንብ ማንበብ እንደማይችል ነገረው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ ከጎኑ እየተቀመጠ አስነበበው። ፖይቲየር ስሙ ከገነነ በኋላ ሊያመሰግነው ፈልጎ አላገኘውም፤ በሽምግልናው ይህን ሲያነሣ ዕንባው ይመጣ ነበር። ወደዚያው ቲያትር ቤት ተመልሶም ቤቱን ሊያጸዳ፣ በምትኩ ትምህርቱን ሊከታተል ተስማማ።

በክፍሌ ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለ። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ሳግዘው አውራ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ያነባል፤ ከጎኑ አንድ ሰው ፈገግ ካለ ጣቱ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ይህ ልጅ ከኦስካሩ ሐውልት በፊት የአስተናጋጁን ታሪክ እንዲሰማ እለምናችኋለሁ።

ከአንድ አንጋፋ አባል፦

መምህርታችን የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም እዚህ አገር እንደ ገባሁ ለሦስት ዓመት ሰሐን ያጠብኩ ነኝና ነገሩ ገብቶኛል። የሚታየው ፊልም ግን የ1967ቱ «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት» እንዲሆን እጠይቃለሁ። መርማሪ ፖሊስ ሆኖ የሚጫወተው ፖይቲየር ባለ ጥጥ እርሻውን ነጭ ሲጠይቀው ሰውየው በጥፊ ይመታዋል፤ እሱም ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው፣ ጥፊውን ይመልስለታል። ታሪኩ ሚሲሲፒ ውስጥ የሚፈጸም ቢሆንም የተቀረጸው በአብዛኛው ኢሊኖይ ነው፤ ምክንያቱም በ1964 ከዘፋኙ ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ለጥቁር መራጮች ምዝገባ ሠራተኞች 70,000 ዶላር ይዘው ወደ ግሪንዉድ፣ ሚሲሲፒ በሄዱ ጊዜ የነጭ ዘረኞች ቡድን የሆነው የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች በመኪና ስላሳደዷቸው ዳግመኛ ወደዚያ አልሄድም ብሎ ነበር። ልጆቹ ጥፊውን ከማየታቸው በፊት ይህ ይነገራቸው።

ፊልሙ በወጣበት በ1967 ጥቁሩ ጸሐፌ ተውኔት ክሊፎርድ ሜሰን በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ፣ ፖይቲየር ነጮች የሚወዱትን እንከን የለሽ ጥቁር ሰው ደጋግሞ ይጫወታል ሲል ክፉኛ ነቅፎታል። ሜሰን ከመሬት ተነሥቶ ተናገረ አልልም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በሆሊውድ መሪ ተዋናይነት ለብቻው ቆሞ የመላው ወገኑ እንደራሴ ተደርጎ የሚታይ ሰው፣ ሌባም ሰካራምም ሆኖ እንደ ልቡ ሊጫወት አይችልም ነበር። ወጣቶቹ ሁለቱንም ወገን ሰምተው በአማርኛ ይከራከሩበት።

ከሒሳብ ሹሙ፦

ሁለቱንም ሐሳብ እደግፋለሁ። መግቢያ ባናስከፍልም ፊልምን በአዳራሽ ለሕዝብ ለማሳየት የማሳያ ፈቃድ መግዛት ግዴታችን ስለሆነ፣ አንድ ፊልም ብቻ ብናሳይ በጀታችን ይበቃል።

ከፕሮግራም ክፍሉ ጸሐፊ፦

የመጀመሪያ ሐሳቤን ትቼ ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ።

«ማኅበሩ ሁለት ምሽቶችን ያዘጋጃል። በመጀመሪያው ምሽት ፊልም አይታይም፤ መምህርታችን ከካት አይላንድ እስከ ሃርለም ያለውን የፖይቲየርን ሕይወት ይተርካሉ፤ ከዚያም ወጣቶችና ወላጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በመቀመጥ ወጣቱ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ለወላጁ፣ ወላጁ የአማርኛ ጋዜጣ ለወጣቱ ያነባል። በሁለተኛው ምሽት የ1967ቱ ፊልም ከታየ በኋላ በሜሰን ትችት ላይ ክርክር ይደረጋል። የቴሌቪዥን ሥራዎቹም እንዳይዘነጉ፣ በ1991 በሁለት ክፍል በቀረበው ድራማ ጠበቃውን ተርጉድ ማርሻልን፣ በ1997 ደግሞ ኔልሰን ማንዴላን ሆኖ ስለ መጫወቱ አጭር ገለጻ ይቀርባል።»

ጋሼ፣ ክርክሩን እርስዎ ቢመሩልን ደስ ይለናል። እስከ ሐሙስ ማታ ተቃውሞ ካልቀረበ ረቂቁን ለቦርዱ እልካለሁ። ለመጀመሪያው ምሽት በትልልቅ ፊደል የታተሙ የአማርኛ ጋዜጦች ያሏችሁ አባላት እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ፤ ከወላጆቹ ዓይናቸው የደከመ አሉ።