የሙያና ቴክኒክ ተማሪዎች ሪፖርት፦ ሁለት ኮርስ የወሰደ ሁሉ ኮንሰንትሬተር ነው?

ጥያቄ፦ የሬጅስትራር ረዳት

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሬጅስትራር ክፍል እሠራለሁ። የትምህርት ዲስትሪክታችን የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ተማሪዎችን መረጃ ለስቴቱ ከማስተላለፉ በፊት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ዝርዝር አጣርቶ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ዘንድሮ ይህ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ሁለት ተማሪዎች ላይ ተቸግሬአለሁ።

አንደኛዋ በዘጠነኛ ክፍል የጤና ሳይንስ መግቢያን፣ በአሥረኛ ክፍል ደግሞ የምግብ ዝግጅት ኮርስ ያጠናቀቀች ልጅ ናት። ሲስተሙ «ተሳታፊ» ይላታል እንጂ «ኮንሰንትሬተር»፣ ማለትም በአንድ የሙያ ፕሮግራም ገፍታ የተማረች፣ አይላትም። ሁለተኛው ከሌላ ስቴት የተዛወረ ሲሆን የመኪና ጥገናን የመጀመሪያ ኮርስ እዚያ ጨርሶ ተከታዩን እዚህ አጠናቋል፤ እርሱም በተሳታፊነት ብቻ ተመዝግቧል። አንዳንድ መምህራን ቁጥራችን ካነሰ የሚመደብልን የፐርኪንስ ገንዘብ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት ለሙያና ቴክኒክ ትምህርት የሚሰጠው ድጋፍ፣ ይቀንሳል ብለው ስለሚሰጉ፣ የኮርስ ኮድ አስተካክለን ሁለቱንም እንድናካትት ይፈልጋሉ። እንዲህ ማድረግ ተገቢ ነው? ሌላው ጥያቄዬ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ስለሚደረገው ክትትል ነው። ከእኛ ማኅበረሰብ የሆኑ ልጆች አብዛኞቹ «መረጃ አልተገኘም» በሚለው ረድፍ ውስጥ የሚወድቁት ለምን ይሆን?

መልስ፦ የዲስትሪክት መረጃ ባለሙያ

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና በተለምዶ ፐርኪንስ አምስት የሚባለው ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ኮንሰንትሬተር የሚለው፣ በአንድ የሙያና ቴክኒክ ፕሮግራም ውስጥ ቢያንስ ሁለት ኮርሶችን ያጠናቀቀ ተማሪን ነው። አንድ ኮርስ ያጠናቀቀ ተሳታፊ ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረው የ2006ቱ ሕግ ኮንሰንትሬተር ማን እንደሆነ የመወሰኑን ጉዳይ ለስቴቶች ትቶ ስለነበር፣ በየቢሮው እስከ ዛሬ የተለያየ ልማድ ቢያጋጥማችሁ አይግረማችሁ።

በዚህ መሠረት የመጀመሪያዋን ልጅ ሲስተሙ በትክክል አስቀምጧታል፤ ሁለት ኮርስ ብታጠናቅቅም ሁለቱ የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸውና። ስቴቱ ባወጣው የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ አንድ የመግቢያ ኮርስ ለበርካታ ፕሮግራሞች የጋራ ሆኖ የሚቆጠርበት ጊዜ ስላለ ዝርዝሩን ማየቱ አይከፋም፤ የጤና ሳይንስ መግቢያ ለምግብ ዝግጅት የጋራ ይሆናል ብዬ ግን አልጠብቅም።

የሁለተኛው ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ከሌላ ስቴት የመጣ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ በትራንስክሪፕቱ ላይ «ተዛዋሪ የምርጫ ትምህርት» በሚል ጥቅል ኮድ ስለሚገባ፣ ሲስተሙ የመኪና ጥገና መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የቀድሞው ትምህርት ቤት የኮርስ መግለጫ ተጠይቆ፣ የትምህርት ዓይነቱ ኃላፊ ይዘቱ ከእኛው የመጀመሪያ ኮርስ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጠና የስቴቱ መመሪያ ከፈቀደ ኮዱ ይስተካከላል። ይህ መረጃውን ማረም ነው። የመጀመሪያዋን ልጅ ኮድ መለወጥ ግን ያልተማረችውን እንደተማረች አድርጎ ለፌዴራል መንግሥት ሪፖርት ማቅረብ ስለሆነ፣ ማንም ቢጠይቅዎት አይፈርሙበት። ያስተካከሉትን ሁሉ ማስረጃ በፋይል ያኑሩ፤ የስቴቱ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።

ቁጥር ማብዛት ይጠቅማል የሚለውንም ሐሳብ በስሌት እንየው። አብዛኞቹ የፐርኪንስ አመልካቾች፣ ማለትም የውጤት መለኪያዎች፣ የሚሰሉት ለኮንሰንትሬተሮች ቁጥር ተካፍለው ነው። ስቴታችሁ 5ኤስ1 የተባለውን፣ ማለትም የታወቀ የሙያ ምስክር ወረቀት ይዘው የሚመረቁትን የሚለካውን አመልካች መርጧል እንበል። ከ40 ተመራቂ ኮንሰንትሬተሮች 20ዎቹ ምስክር ወረቀቱን ካገኙ ውጤቱ 50 በመቶ ነው። ፕሮግራሙን በቅጡ ያልተከታተሉ 10 ተማሪዎች ሲጨመሩ 20 ለ50 ይሆንና ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ዲስትሪክቱ ከተስማማበት ግብ ቢያንስ 90 በመቶውን ካላሟላ ደግሞ የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ይገደዳል። መምህራኑ ሊጠቅሙ ብለው የሚጎዱት ራሳቸውን ነው።

መልስ፦ የበጀት ክፍል ባልደረባ

ስለ ገንዘቡ ያነሡት ስጋት በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰማ ቢሆንም መሠረት የለውም። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚደርሰው የፐርኪንስ ገንዘብ ለዲስትሪክቶች የሚከፋፈለው በሕጉ መደበኛ ቀመር ሲሆን፣ 30 በመቶው በዲስትሪክቱ ውስጥ በሚኖሩ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ልጆች ብዛት፣ 70 በመቶው ደግሞ በዚያው ዕድሜ ከድኻ ቤተሰብ በሆኑት ልጆች ብዛት ይወሰናል። የኮንሰንትሬተሮች ቁጥር በቀመሩ ውስጥ የለም። ሕጉ ለስቴቶች አማራጭ ቀመር የሚያስፈቅዱበትን መንገድ ቢተውም፣ ያም ቢሆን ድኻ ተማሪ ወዳለበት ይበልጥ የሚያደላ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። በእርግጥ አንዳንድ ስቴቶች ከራሳቸው ካዝና በምዝገባ ብዛት የሚሰጡት ገንዘብ አለ፤ መምህራኑ ሁለቱን ቀላቅለዋቸው ይሆናል።

መረጃው ገንዘቡ ላይ የሚያርፈው በሌላ በኩል ነው። ዲስትሪክቱ በየሁለት ዓመቱ በሚያካሂደው የፍላጎት ጥናት ላይ የተማሪዎች ውጤት በየቡድኑ ተለይቶ ይታያል፤ ገንዘቡም የሚውለው ጥናቱ ባሳየው ክፍተት ላይ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎች ሕጉ በተለይ ከዘረዘራቸው ቡድኖች አንዱ ናቸው። የእኛ ልጆች በነርስ ረዳትነት ኮርስ በብዛት ተመዝግበው የፈቃድ ፈተናውን የሚያልፉት ጥቂት ከሆኑ፣ ይህ በሪፖርቱ ላይ በትክክል ሲወጣ ነው ለቋንቋ ድጋፍ በጀት የሚጠየቀው። ቁጥሩ በዘፈቀደ ከተሞላ የሚጠይቅም አይኖርም።

መልስ፦ የቤተሰብ አስተባባሪ

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ እኔ ልመልስ፤ ከወላጆች ጋር የምሠራ በመሆኔ ጉዳዩን በየዓመቱ አየዋለሁ። 3ኤስ1 የተባለው አመልካች ተማሪው ትምህርቱን ከለቀቀ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሩብ ዓመት ውስጥ በኮሌጅ ወይም በከፍተኛ ሥልጠና፣ በውትድርና፣ በብሔራዊ አገልግሎት ወይም በሥራ ላይ መሆኑን ይጠይቃል። በሰኔ ለተመረቀ ልጅ ይህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው፤ የፈረንጆቹን ወራት ማለቴ ነው።

መረጃው የሚሰበሰበው አንድም ስልክ በመደወልና ኢሜይል በመላክ፣ አንድም ከሌሎች መዛግብት ጋር በማመሳከር ነው። አሠሪዎች ለሥራ አጥ መድን የሚያቀርቡት የደመወዝ መዝገብ በየስቴቱ የተያዘ ስለሆነ፣ ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ ውስጥ የተቀጠረ ወይም ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ቨርጂኒያ የሚሠራ ልጅ በሚኖርበት ስቴት መዝገብ ላይ አይታይም። በራሱ ስም ምግብ የሚያደርስ፣ በቤተሰቡ ሱቅ ያለ ደመወዝ የሚያግዝ ልጅም እንዲሁ። ትምህርት ቤቱ በስልክ ሲጠይቅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎ ልጅዎ የት ነው የሚሠራው ቢባሉ የትኛው አባት ይመልሳል? እኔ የማደርገው ከመመረቂያው ቀን በፊት ነው። ልጆቹ ገና ክፍል ውስጥ ሳሉ የራሳቸውን፣ የማይቀየረውን ኢሜይል እንዲሞሉ አደርጋለሁ፤ ለወላጆችም ጥያቄው ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚጠየቅ በአማርኛ በተጻፈ አንድ ገጽ አስረዳለሁ። ሁሉም አይመልስም፤ የሚመልሰው ግን በግልጽ ጨምሯል።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ፦ የሬጅስትራር ረዳት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለተኛውን ልጅ የኮርስ መግለጫ ከቀድሞው ትምህርት ቤቱ ዛሬ ጠይቄአለሁ። አንድ የቀረኝ ጉዳይ አለ። አንዲት እናት መዛግብት የሚመሳከሩት በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው መባሉን ሰምተው፣ ቁጥር ካልሰጠን ልጄ ከፕሮግራሙ ትወጣለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የዲስትሪክት መረጃ ባለሙያ

አትወጣም ብለው በሙሉ ልብ ይንገሯቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድን ልጅ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አልሰጠህም ብሎ ከትምህርት ሊያግድ አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1982 ልጆች በስደተኝነት ሁኔታቸው ምክንያት ከነጻ የመንግሥት ትምህርት እንዳይከለከሉ ወስኗል። ተማሪዋ በዲስትሪክቱ ወይም በስቴቱ የተማሪ መለያ ቁጥር ትመዘገባለች። ለዋሽንግተን የሚላከው ሪፖርት በድምር የተዘጋጀ ስለሆነ ስሟ አይታይበትም፤ ለሕዝብ ይፋ በሚሆነው ላይም በጣም አነስተኛ ቁጥር ያለው ቡድን ተለይቶ እንዳይታወቅ ይሸፈናል። ልጅቱ 18 ዓመት ሲሞላት በ1974ቱ የትምህርት መዛግብት ምስጢር ጥበቃ ሕግ መሠረት የመፍቀድና የመከልከል መብቱ ከእናትየው ወደ እርሷ ይተላለፋል። ስለዚህ የክትትል ቅጹን ለእናትየው ብቻ ሳይሆን ለልጅቱም ያስረዷት።