በሲ ለአማርኛ ቃላት የሚሆን ፈጣን ሃሽ የትኛው ነው?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል፤ በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው የምጽፈው። ቃላቱን የማስቀምጥበት ሃሽ ቴብል 65536 ቦታ አለው። ሃሹ፣ ማለትም የቃሉን ቦታ የሚወስነው ስሌት፣ የቃሉን ባይቶች ደምሮ ለ65536 ያካፍልና ቀሪውን ይወስዳል። በእንግሊዝኛ ፋይል ይሠራል፤ አማርኛ ስሰጠው በሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ሲነካ የሚመጣ ስህተት) ይቆማል። ጓደኛዬ ኤስኤችኤ-256 የሚባለውን የደኅንነት ሃሽ ተጠቀሚ ትለኛለች። እዚህ ኔት ስለሚቆራረጥ ላይብረሪ ባላወርድ እመርጣለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦
እህቴ፣ ኤስኤችኤ-256ን ተይው። እሱ ሆን ብሎ ሊያጭበረብር የሚመጣን ሰው ለመከላከል ነው የተሠራው፤ ለቃል ቆጠራ ትርፍ ድካም ነው። ፎልቱ የመጣው ባይቱን ከያዝሽበት የሲ ዓይነት፣ ከቻር ነው። በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለር) ቻርን ሳይንድ (ኔጌቲቭም የሚይዝ) አድርጎ ስለሚያየው ድምሩ ኔጌቲቭ ይወጣል፤ በሲ የኔጌቲቭ ቁጥር ቀሪም ኔጌቲቭ ስለሆነ ከቴብሉ አሬይ ውጭ ትገቢያለሽ። ወደ አንሳይንድ ቻር (ኔጌቲቭ ወደማይይዘው) ቀይሪው። አርም ፕሮሰሰር ላይ ባለ ሊኑክስ ቻር ከመነሻው አንሳይንድ ነው፣ እዚያ ችግሩ አይታይም ነበር።

እንጆሪ፦
ልክ ነው፣ ግን ፎልቱ ቢጠፋም መደመሩ ራሱ አይረባም። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191። አንድ ፊደል ሲደመር ከ489 እስከ 557 ነው። እንግዲህ ባለ 6 ፊደል ቃላት ስንት ሺህ ቢሆኑም ከ2934 እስከ 3342 ባሉት 409 ቦታዎች ላይ ይጨናነቃሉ፣ ሌላው ቴብል ለእነሱ ባዶ ነው። "ረገመ" እና "ገረመ"ማ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ናቸው።

ኤፍኤንቪ-1ኤ የሚባለውን ሃሽ ጻፊ። በ32 ቢት አንሳይንድ ቁጥር ከ2166136261 ጀምሪ፤ ለእያንዳንዱ ባይት መጀመሪያ ቁጥሩን ከባይቱ ጋር ኤክስኦር (የሚለያዩትን ቢቶች 1፣ የሚመሳሰሉትን 0 የሚያደርግ ስሌት) አድርጊ፣ ቀጥሎ በ16777619 አባዢ። በቃ፣ በእጅ የሚጻፍ ነው። ወደ 65536 ለማውረድ የላይኛውን 16 ቢት ከታችኛው ጋር ኤክስኦር አድርጊው።

የማራኪዋ፦
ተባረኩ! ኤክስኤክስሃሽ የሚባለው ሃሽስ? በጣም ፈጣን ነው ሲባል እሰማለሁ።

ኮረኮንች፦
ፈጣን ነው፤ ዋና ጥቅሙ ግን ረጃጅም ዳታ ላይ ነው። 18 ባይት ለሆነ ቃል ላይብረሪ መጎተት አያዋጣም። ፕሮግራሙ ነገ ሰርቨር ላይ ወጥቶ ማንም የላከውን ጽሑፍ የሚቀበል ከሆነ ግን ኤፍኤንቪን ትተሽ በሚስጥር ቁልፍ የሚሠራውን ሲፕሃሽ ያዢ፤ አለበለዚያ ተንኮለኛ ሰው ቃላቱን መርጦ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ይከምርብሻል።

ደግሞ ከሃሹ በፊት ፊደሉን አንድ አድርጊ። "ጎንደር" እና "ጐንደር" ባይታቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠም እንዲሁ።

የማራኪዋ፦
ቴብሉ ሲሞላስ?

እንጆሪ፦
እጥፍ አድርጊው። 32 ቢቱን ሃሽ ከቃሉ ጋር ካስቀመጥሽ ስታሰፊው እንደገና አታሰይም፤ ስትፈልጊም መጀመሪያ ሃሾቹን አወዳድሪ፣ እኩል ሲሆኑ ብቻ ቃሉን አመሳክሪ።