አስቸኳይ፦ የእናቴ ትኬት ስክሪኑ በጠፋ ስልክ ውስጥ ነው፣ ከአዳማ ወደ ቦሌ

የፍራንኮ ልጅ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡20)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ስልኬ ከባጃጅ ስወርድ አስፋልት ላይ ወድቆ ስክሪኑ ጠቁሯል። ሲደወል ይጠራል፣ ግን ምንም አያሳይም። የእናቴ ትኬትም ቪዛም እዚያ ውስጥ ነው። ዱባይ ነው የምትሄደው፣ በረራዋ አርብ 01፡35 ነው፣ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ፖስታ ቤት ጋ ያሉት ሞባይል ጥገናዎች ስክሪኑ ነገ ጠዋት ይገባል አሉኝ። ነገ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአዳማ እንነሳለን። ትኬቱን ካላሳየን ከበር ይመልሱናል? እናቴ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፣ ውስጥ ድረስ ልሸኛት እችላለሁ? አሁን የምጽፈው በጎረቤት ስልክ ነው።

ቢኒ ሞባይል
ሲሙን አውጥተህ ሌላ ስልክ ላይ ክተት። ቴሌግራምም ኢሜይልም ኮዱን በኤስኤምኤስ ሊልክልህ ይችላል፣ ከመጣልህ ትገባለህ።

መምህር ነኝ
ልጄ፣ ስልክ መዝገብ ቤት አይደለም። ለጉዞ የሚሆን ወረቀት ሁሉ ገና በእጅህ እንደገባ ይታተማል፤ አንዱ ኮፒ በቦርሳ፣ አንዱ ቤት። ለታላላቆቻችን ደግሞ የግድ ነው። እናትህ በማታውቀው አገር ኤርፖርት ቆማ "ስልኩ ውስጥ ነው" ብትል ማን ይረዳታል? ቪዛዋን ዛሬውኑ በወረቀት አስወጣላት። የተቀባይዋን ስልክ ቁጥርና አድራሻም በትልቁ ጽፈህ ፓስፖርቷ ውስጥ አድርግ።

ሳሪስ–አዳማ
ሲሙን አውጥተህ ሌላ ስልክ ላይ አድርገው ወንድሜ፣ ቀላል ነው።

ቢኒ ሞባይል
እሱን እኮ ነው ያልኩት 😄

ተመላላሿ
አትደንግጥ። ትኬቱ ያለው አየር መንገዱ ሲስተም ውስጥ ነው፤ ካውንተር ላይ በፓስፖርቷ ያገኟታል። ግን ተርሚናሉ መግቢያ ላይ ሻንጣ ከመፈተሹ በፊት ፓስፖርትና ትኬት ሊጠይቋት ይችላሉ፣ ስለዚህ ወረቀት ብትይዝ ይሻላል። ትኬቱን የቆረጠው ማነው? እሱ ጋ ኮፒው አለ። የኢትዮጵያ ከሆነ 6787 ደውል፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለበትን የቡኪንግ ኮድ ግን ይጠይቁሃል።
ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድልህም፣ መንገደኛ ብቻ ነው የሚገባው። ስትደውል ዊልቸር ጠይቅላት። መራመድ ብትችልም ጠይቅ፤ የሚገፋት ሰው ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ እስከ በሩ ያደርሳታል። የእኔ እናት ያለ ቋንቋ የሄደችው እንደዚያ ነው።

የፍራንኮ ልጅ (9፡50)
የቆረጠችው እዚያ ያለችው እህቴ ናት። ሥራ ላይ ሆና አታነሳም፣ ማታ ትልክልኛለች። ዊልቸሩን እጠይቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ቃሊቲ መስመር
ተርሚናል 2 ነው የምትወርዱት፣ 1 የአገር ውስጥ ነው። በፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ችግር የለም፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስጨንቀው ከዚያ በኋላ አቃቂና ቃሊቲ ነው፤ ከባድ መኪኖቹ ከተደረደሩ ሰዓቱን ይበላዋል። በሚኒባስ ከሆነ ቃሊቲ ወርዳችሁ ራይድ ያዙ።

አቤል ዘአዳማ
ቆይ ቆይ። አርብ 01፡35 ነው ያልከው? ታዲያ ለምን ነገ 11 ሰዓት ትነሳላችሁ?
ትኬት ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀናቸው የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። 01፡35 በእኛ ሌሊት 7፡35 ነው፣ እኛ ያንን ሌሊት "ሐሙስ ሌሊት" ነው የምንለው። ማለትም ዛሬ ማታ። ነገ ማታ ከሄዳችሁ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

የፍራንኮ ልጅ (10፡05)
ሌላ ጥያቄ፣ ለእህቴ ቅቤና በርበሬ አዘጋጅታለች። ቅቤውን በእጅ ይዛ መግባት ትችላለች?

ተመላላሿ
አቤል ያለውን አንብብ!! እውነቱን ነው። ቅቤው በእጅ አይሆንም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽና ቅባት ፍተሻው ላይ ያስቀሩባታል። በደንብ አሽጋችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

መምህር ነኝ
እኔ እንኳ ሌሊት 7፡35 የአርብ ሌሊት ይመስለኛል፣ ትኬቱ አርብ ካለ።

አቤል ዘአዳማ
መምህር፣ በእኛ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው፣ በትኬቱ ግን እኩለ ሌሊት። ለዚህ ነው ሰው የሚያመልጠው። እህቱን አንድ ጊዜ መጠየቅ በቂ ነው፤ ካላነሳች በአሠሪዎቿም ቢሆን ፈልጋት። ስክሪኑንም አትጠብቅ፣ ሲሙን አውጣ!

ቢኒ ሞባይል
እኔም ሱቄን ክፍት አደርጋለሁ፣ ሲሙን ይዘህ ና። ኢሜይሉን ከፍተን ቪዛውንም ትኬቱንም እናትማለን።

ቃሊቲ መስመር
የፍራንኮ ልጅ፣ ካውንተሩ ከበረራው 1 ሰዓት በፊት ይዘጋል፣ ያ ማለት ሌሊት 6፡35 ነው። ዊልቸርም ስላለ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መድረስ አለባችሁ። ከአዳማ 2 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ፍለጋ አትቁም፣ እኔ ቪትዝ አለኝ፣ ዛሬ ማታ ባዶ ነኝ። ሰፈራችሁን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ተመላላሿ (10፡40)
አየኸው? መልስ ስጠን። የጎረቤቱን ስልክ መልሶ ይሆን? ፍራንኮ አካባቢ ያላችሁ፣ ዱባይ የምትሄድ እናት የምታውቁ ካላችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው።