የአባቴ ኮሮላ አሮጌ ናት ወይስ ክላሲክ?

ባለ ኮሮላው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባታችን የወረስናት 1985 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችን። ባለ አራት በር፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ካርቡራተር ያላት፣ ባለ አምስት ማርሽ። ምንም ልዩ ነገር የላትም። ትምህርት ቤት ያመላለሰችን፣ ቤት በቀየርን ቁጥር ዕቃ የተጫነባት፣ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ ሦስታችንም ስንጣላ ያደግንባት መኪና ናት።

አሁን ግን ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እህቴ «በብረት ዋጋ ትሸጥና እንገላገል» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «አርባ ዓመት ያለፋት መኪና ክላሲክ ናት፤ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም» ባይ ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያትና ቅጹ ላይ «አሮጌ» ብሎ ሞላው። የሰጣት ግምት ከአራቱ ጎማዎቿ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ተራ የቤተሰብ መኪና ክላሲክ የሚባለው ስንት ዓመት ሲሞላው ነው? በተጨማሪም ወንድሜ ሙሉ ቀለም ሊያስቀባትና የአሉሚኒየም ቸርኬ ሊያስገባላት አስቧል። ይህስ ዋጋዋን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

መዝገቡ፦

ዓመቱን ብቻ ከጠየቅህ መልሱ እንደየአገሩና እንደየማኅበሩ ነው። በምህጻሩ ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ቢያንስ 30 ዓመት ይላል። ነገር ግን ዕድሜው ብቻውን አይበቃም፤ መኪናው የተሠራበትን ዘመን ይዞታ የጠበቀና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነ መሆን አለበት። ጀርመን ውስጥም 30 ዓመት የሞላው መኪና ይዞታው ተመርምሮ ካለፈ በሰሌዳው መጨረሻ «ኤች» የሚል ፊደል ይጨመርለታል። ብሪታንያ በ40 ዓመቱ ከተሽከርካሪ ግብር ነፃ ታደርገዋለች። አሜሪካ ደግሞ 25 ዓመት የሞላውን መኪና የአገሪቱን የደኅንነት ደረጃ ባያሟላም ወደ ውስጥ እንዲገባ ትፈቅዳለች።

ከሁሉም ጥብቁ እዚያው አሜሪካ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የክላሲክ መኪና ክለብ ነው። ከ1915 እስከ 1948 ከተሠሩት መካከል ራሱ የመረጣቸውን ቅንጡ መኪኖች ብቻ ይቀበላል። የእናንተ ኮሮላ መቶ ዓመት ብትሞላም እዚያ ደጃፍ አትደርስም።

ላሜራ ሠሪው፦

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ ለመኪናዋ ግን ምንም አይፈይድላትም። ዕድሜዬን የጨረስሁት ላሜራ ስቀጠቅጥ ነው። ክላሲክ የተባለውንም አሮጌ የተባለውንም ከሥራቸው ተኝቼ አይቻቸዋለሁ። ዝገት ሊብሬ አያነብም።

እኔ የምለየው በጥገናው ነው። አንድ ዕቃ ሲሰበር ባለቤቱ «የሚገጥም ነገር ፈልግልኝ» ካለኝ መኪናው አሮጌ ነው። «የራሱን ዕቃ ፈልግልኝ፤ እስኪገኝ እጠብቃለሁ» ያለኝ ቀን መኪናው ተሻግሯል። በሁለቱ መካከል ረጅም የመከራ ዘመን አለ። በዚያ ዘመን መኪናው ዋጋ ስለሌለው ደህና ገንዘብ የሚያወጣበት አይገኝም። የተሰበረው ፍሬቻ በሌላ ዓይነት ፍሬቻ ይተካል፤ የዛገው በስቱኮ ይደፈናል፤ የወንበሩ ጨርቅ ተቀዶ ይጣላል። ተራ የቤተሰብ መኪና የሚያልቀው በእርጅና ሳይሆን እዚህ መሐል ነው።

የራስህ መኪና ምስክር ናት። ቶዮታ ከ1983 እስከ 1987 በዚያው ትውልድ ውስጥ ሌላ ኮሮላ ሠርቷል፤ ኤኢ86 የምትባለውን። ያቺኛዋ ኩፔ፣ ማለትም ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ናት፤ በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ የተሻለው ሞተሯ ባለ 16 ቫልቭ። መንዳት የሚወዱ ወጣቶች ቀድመው ዓይናቸውን ጣሉባት፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። የእናንተዋ በፊት ጎማ የምትጎተተው ባለ አራት በር ግን ልጅና ዕቃ ስታመላልስ ኖራ በየጋራዡ ጓሮ ተበታተነች። የስፖርት መኪና ከመጀመሪያውም የሚያስቀምጠው ሰው አያጣም፤ የቤተሰብ መኪና ነው ጠባቂ የሌለው።

«ብዙ የተሠራ መኪና ክላሲክ አይሆንም» የሚሉህንም አትስማ። ያ አሮጌው ቮልስዋገን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ማን ከለከለው? የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን መኪና ትራባንትም ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ባለቤቶቹ መንገድ ዳር እየጣሉት ሄዱ፤ ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢ አለው። ቁም ነገሩ ስንት ተሠራ ሳይሆን ስንት ቀረ ነው፤ ደግሞም የሚናፍቀው ሰው አለ ወይ ነው። ናፋቂዎቹ የኋላ ወንበር ላይ ያደጉት ልጆች ናቸው። እነርሱ ጎልምሰው ገንዘብ እስኪይዙ ሠላሳ አርባ ዓመት ይሄዳል፤ እነዚያ የዓመት ደንቦች ሁሉ እዚያ አካባቢ መውደቃቸው አይገርመኝም።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። ወንድምህን ዛሬውኑ አስቁመው! መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈትና የሞዴል ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ቆርቆሮ ፈልግ፤ የቀለሙና የውስጥ ጨርቁ ኮድ እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ትንሽ ማግኔት ያዝና ቀለሙን እንዳይቧጥጥ በስስ ጨርቅ ጠቅልለው። ከበሮቹ ግርጌ ጀምረህ፣ በኋላ ጎማው ላይ ያለውን ቅስት ተከትለህ፣ ቀስ እያልህ አሳልፈው። ጤነኛ ላሜራ ላይ እጅህን ይጎትተዋል። ስቱኮ በወፈረበት ቦታ ይሰንፋል። ጨርሶ የሚወድቅበት ቦታ ካለ፣ ከቀለሙ ሥር ላሜራ አልቀረም ማለት ነው። ምንጣፉንም አንሥተህ ወለሉን በጣትህ ተጫነው፤ ዝገት የሚጀምረው ውኃ ከሚያቁረው ከዚያ ነው።

የፋብሪካ ቀለሟ ከሆነ ቢደበዝዝም አትንኩት፤ በሰም አሹት። አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። ቸርኬውን ግን ወንድምህ ከፈለገ ያስገባ። የብረቶቹን ቸርኬዎች ከነክዳናቸው እስካስቀመጠ ድረስ ጉዳት የለውም። የሚፈታ ነገር ሁሉ ይቅር ይባላል፤ የሚቆረጥና የሚፋቅ ነገር ግን አይመለስም።

የኢንሹራንሱን ነገር በተመለከተ፣ በገበያ ግምት ሳይሆን ቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የሚሸፍን ውል የሚሰጡ አሉ። የገለልተኛ ገማች ጽሑፍና ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች ይዘህ ጠይቅ።

ነጂው፦

ጋሼ፣ በብዙው እስማማለሁ፤ ግን ይህ የራሱን ዕቃ ጥበቃ ስንቱን መኪና አቁሞ እንዳበሰበሰ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ክላሲክ ሆነች ተብላ ሸራ ትለብሳለች፤ ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ይሆናል፤ ጎሚኒው ይሰነጠቃል፤ የፍሬን ፒስተኑ ይጣበቃል። እኔ ብሆን ሥራ የምመላለሰው በእርሷ ነው። የማትሄድ ኮሮላ ለማን ምን ታደርጋለች?

ላሜራ ሠሪው፦

የማትሄድ መኪና ጠብቁ ያለህ የለም። በየሳምንቱ ትነዳ፤ ሞተሯ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ እንጂ ከግቢ ወጥቶ ለመመለስ ብቻ አይደለም። ሥራ መመላለስን ግን አልደግፍም። ሰዓት የረፈደበት ሰው ዕቃ እስኪገኝ አይጠብቅም፤ በመጀመሪያ ያገኘውን ይገጥማል።

የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ሙሉ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፦ 2308 ማለት እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጎማ ዛሬ አውልቃችሁ ጣሉት።

ባለ ኮሮላው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮዱን አግኝቼ አመሳከርሁት፤ ቀለሙ አልተቀየረም፣ የወንበሩ ጨርቅም የራሷ ነው። ማግኔቱ በሁሉም ቦታ ያዘ። የወደቀው ከኋላ በግራ ጎማ ላይ ያለው ቅስት ላይ ብቻ ነው፤ መዳፍ በሚያህል ቦታ። እህቴም ለጊዜው ሽያጩን ትታዋለች፤ «ከጋራዥ እስክትወጣ ግን እኔ አንድ ሳንቲም አላዋጣም» ብላለች። አሁን ሙሉውን ጎን እናስቀባው ወይስ ያቺን ቦታ ብቻ?

ላሜራ ሠሪው፦

እህትህ ሒሳብ ታውቃለች፤ አትቆጣት።

ያቺን ቦታ ብቻ ነው። በስቱኮ ላይ ስቱኮ እንዳይጨምርልህ፤ የበሰበሰው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ ይውጣና በዚያው ውፍረት ላሜራ ይበየድበት። አዲሱ ቀለም በጎኑ ላይ እስካለው የላሜራ እጥፋት ድረስ ብቻ ይምጣ፤ እዚያ ላይ ቢቆም ዓይን አይይዘውም። ከውስጥ በኩልም የዝገት መከላከያ ይረጭበት፤ ያንን የማያደርግ ሠራተኛ ከሆነ ወደ ሌላ ሂድ። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ የኋላ ወንበሩ ከነጨርቁ ይውጣ፤ የነዳጅ መሙያው ቱቦ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ታንኩ ሳይወርድ ማንም እሳት እንዳያቀርብ።