18 ዓመት ሲሞላቸው ውድድር የሚያቆሙ ዋናተኞችን እንዴት ላቆያቸው?

ጥያቄ፦ አሠልጣኙ
ሰላም ለሁላችሁ። የታዳጊ ዋናተኞች አሠልጣኝ ነኝ። ልጆቹን ከ10 ዓመታቸው ጀምሬ አሳድጋቸዋለሁ፤ 18 እና 19 ሲሞላቸው ግን አንድ በአንድ ይቀራሉ። ባለፈው ሳምንት በ100 ሜትር ቢራቢሮ ከቡድኑ አንደኛ የሆነችው ልጅ የእጅ መቅዘፊያውንና የእግር ክንፉን አጥባ፣ አድርቃ፣ በከረጢት ቋጥራ መለሰችልኝ። «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ በሳምንት ስምንት ጊዜ መምጣት አልችልም» አለችኝ። መክሬም ለምኜም አልሆነልኝም። ዋናውን ብቻ ሳይሆን ውድድሩንም እንዳይተዉ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጀርባ ቀዘፋ
በ19 ዓመቴ አቁሜ በ24 የተመለስሁ ነኝና ነገሩ ይገባኛል። ልጅቷ ያለችውን እባክዎ ደግመው ያንብቡት። «ዋና ሰለቸኝ» አላለችም፤ «ስምንት ጊዜ አልችልም» ነው ያለችው። ሦስት ጊዜ ብትመጣ በቡድኑ ውስጥ ቦታ አላት? እኔ አልነበረኝም፤ ከአንድም ልምምድ አለመቅረት ወይም ጨርሶ መውጣት ነበር ምርጫው።

ከዚያ የባሰብኝ ሰሌዳው ነው። በ17 ዓመቴ ያስመዘገብሁት ሰዓት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። በግማሽ ልምምድ ያን ሰዓት እንደማልደርስበት አውቅ ስለነበር እያንዳንዱ ውድድር ሽንፈት ሆነብኝ። ስመለስ ያገኘኋት አሠልጣኝ አዲስ ደብተር አውጥታ የዚያን ቀን ሰዓቴን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈችው። «ከዚህ በኋላ የምትወዳደሪው ከዚህ ጋር ነው» አለችኝ። ከ200 ሜትርም ወደ 50 ሜትር አዞረችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ለ200 ሜትር የሚበቃ ጉልበት መገንባት ይከብዳል፤ አነሳስን፣ አዟዟርንና እስከ 15 ሜትር የሚፈቀደውን የውኃ ውስጥ የእግር ምት ማሳመር ግን ይቻላል።

መልስ፦ ጥልቅ ውኃ
ረዳት አሠልጣኝ ያድርጓቸው። ከገንዳው አይርቁም።

መልስ፦ አራተኛ መስመር
በዚህ አልስማማም። የ19 ዓመት ወጣት ሰዓት መያዣ አንጠልጥሎ ገንዳው ዳር ከቆመ ራሱ መዋኘቱን ያኔ ተወ ማለት ነው። መጀመሪያ ይዋኝ። ከ13 ዓመት ልጆች ጋር በአንድ መስመር አትደባልቋቸው፤ የራሳቸው መስመርና የምሽት ሰዓት ስጧቸው፤ በሳምንት አንዱን ልምምድ ራሳቸው ያውጡት። ለዓመታት በፉጨት ሲታዘዝ የኖረ ሰው የራሱን ልምምድ ሲያወጣ እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ።

አንድ ክፍተትም አለ። በዓለም አቀፉ የማስተርስ (የአዋቂ ዋናተኞች) ውድድር መነሻው 25 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ በየአምስት ዓመቱ እርከን ይወዳደራሉ። በ18 የሚቀበሉ አገሮች አሉ፤ በሌሎቹ ግን ታዳጊነት ካበቃ በኋላ ለዓመታት ወጣቱ የሚሮጥለት ውድድር ያጣል። ያን ክፍተት በቅብብል ሙሉት። የማስተርስ ቅብብል እርከን የሚወጣው በአራቱ ዋናተኞች ዕድሜ ድምር ነው፤ በክለቦች መካከልም እንዲሁ ደምራችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ። ለራሱ ሲል የማይመጣ ልጅ ሦስት ሰዎች እየጠበቁት እንደሆነ ካወቀ ይመጣል።

መልስ፦ የድሮ ዋናተኛ
ወንድሜ፣ አልቆይም ብላ ከሄደችም በመልካም ሸኛት። አሜሪካዊው ዋናተኛ አንቶኒ ኤርቪን እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በ19 ዓመቱ፣ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ከሌላ ዋናተኛ ጋር እኩል ገብቶ ወርቅ ወሰደ። በ22 ዓመቱ ዋናን ተወ። ለዓመታት ርቆ ተመለሰና በ2016 በሪዮ፣ በ35 ዓመቱ፣ በዚያው ርቀት እንደገና አሸነፈ። የአገሩ ልጅ ዳራ ቶረስ ደግሞ በ2008 በቤጂንግ 41 ዓመቷ ነበር፤ በ50 ሜትር ወርቁ ያመለጣት በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። ይህን የምነግርህ ልጅቷን ለኦሊምፒክ እንድታስባት አይደለም። ተቆጥታችሁባት ከወጣች ግን በ25 ዓመቷ ናፍቋት እንኳ በራችሁን ለማንኳኳት ታፍራለች።

ጠያቂው፣ ከሳምንት በኋላ
ደወልሁላት። በሳምንት ሦስት ምሽት፣ 50 ሜትር ቢራቢሮና ቅብብል ብዬ ነገርኋት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ሌሎቹ ሦስቱ እነማን ናቸው?» አለችኝ። እስካሁን አንድ አግኝቻለሁ፤ አምና ለተዉት ለሁለቱ ዛሬ ማታ እደውላለሁ። የሰሌዳውንም ወረቀት አንስቻለሁ።