ያገለገለ ቢኤም ወይስ አዲስ ኤሌክትሪክ?
ሰላም ወገኖቼ፣ ምርጫው ግራ ስላጋባኝ እርዱኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ጉልበት ያለው፣ ደህና የቤት መኪና መግዛት ፈልጌያለሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ አዲስ ካልኩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ዓይኔ ቢዋይዲ ሲል (BYD Seal) የተባለው መኪና ላይ አርፏል። ያገለገለ ካልኩ ደግሞ አንድ ቢኤምደብሊው 320አይ አግኝቻለሁ። አነዳዱ ልብ ይሰርቃል! ግን ኮፈኑን ስከፍት የሞተሩ ክዳን ዙሪያ በዘይት ርሷል። ሻጩ «ጋስኬት (የክዳኑ ማሸጊያ) ብቻ ነው» ይላል። ልመነው?

የኤሌክትሪኩ ጭንቀቴ ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ ባትሪው ትንሽ ይሞላል፣ ፍሬንም ያርፋል። የደጀን አቀበት ግን መልሶ ይበላዋል። በዚህ መንገድ የነዳችሁ፣ ደጀን ስትደርሱ ስንት ፐርሰንት ቀራችሁ?