አስቸኳይ፦ የናፍጣ ፒ ፒ አይ ቁጥር አልወጣ አለኝ

ሎድ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነኝ፣ ሁለት ትራክ አለኝ። ኮንትራቴ ላይ ክፍያው በየዓመቱ በናፍጣ ፒ ፒ አይ (የአምራቾች ዋጋ መለኪያ) ይስተካከላል ይላል። ደብዳቤው ዛሬ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ካልገባ የዘንድሮው ጭማሪ ቀረ ማለት ነው። መለኪያውን የሚያወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ገጽ ላይ የናፍጣውን ኮድ እየጻፍኩ ነው፣ ምንም አያመጣልኝም። የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ላፕቶፑ ደግሞ የልጄ ነው፣ መኝታ ቤት ይዞት ሊገባ ቆሞ ይጠብቀኛል። የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።

ጣና ማዶ፦
ብሮውዘሩን ዘግተህ ክፈተው።

ጋሽ መዝገቡ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትፈልገውን ነገር እወቅ። ፒ ፒ አይ የሀገር ውስጥ አምራች ለዕቃው የሚቀበለው ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚለካ ነው። እኛ ሱቅ ገብተን የምንከፍለው አይደለም፣ እሱ ሲ ፒ አይ ይባላል። የሽያጭ ታክስ የለበትም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1902 ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ነው። እስከ 1978 ድረስ ስሙ የጅምላ ዋጋ መለኪያ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያም በፊት፣ በ1891 ሴኔቱ ስለ ታሪፍ ጥናት ባዘዘ ጊዜ...

ቀይ ወጥ፦
ጋሼ፣ ሰውየው እኮ እኩለ ሌሊት ነው ያለው። ከ1891 ተነስተን አንደርስም 😂

የቁጥር እናት፦
ሎድ ፈላጊ፣ የጻፍከውን ኮድ እንዳለ እዚህ ለጥፈው። «አያመጣም» ብቻ ብትለን ምኑን እንነግርሃለን?

ሎድ ፈላጊ፦
ኮንትራቱ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት። ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ደብዝዟል። ደብሊው ፒ ዩ ኦ573ኦ3።

ጣና ማዶ፦
ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን የድሮ ገጽም (ካሹን) አጥፋው። ከዚያ ብሮውዘሩን ዘግተህ ክፈት።

አሥራ ስምንት ጎማ፦
እኔ የማይገባኝ፣ ለናፍጣ ፒ ፒ አይ ማን ይጠቀማል? ሁላችንም ፊዩል ሰርቻርጅ (ለነዳጅ የምንጠይቀውን ተጨማሪ ክፍያ) የምናሰላው የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር በየሳምንቱ በሚያወጣው የናፍጣ ዋጋ ነው። በጋሎን ስንት ዶላር እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል፣ ታክሱም አለበት። ፒ ፒ አይ በወር አንዴ ነው የሚወጣው። ዋጋውም በአብዛኛው የሚወሰደው 13ኛው ቀን በዋለበት ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ነዳጅ ቢሰቀል ለዚያ ወር አላየህም፣ አልሰማህም ነው። ኮንትራቱን ማን ጻፈልህ?

ሎድ ፈላጊ፦
ፈርሜያለሁ እኮ ወንድሜ! አሁን ምን ላድርግ፣ ልቅደደው?

የቁጥር እናት፦
ተዉት እስቲ። ሎድ ፈላጊ፣ ኮዱን ደግመህ እየው። ሁለት ቦታ «ኦ» ፊደል ጽፈሃል። ዜሮ ነው! የናፍጣ ኮድ ውስጥ ፊደል ያለው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ደብሊው ፒ ዩ፣ ሦስቱም በትልቁ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቁጥር ነው፦ 057303። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታም አትተው።
መጻፍ ካስቸገረህ ተወውና ከዝርዝሩ ምረጥ። ፒ ፒ አይ ውስጥ በዕቃ ዓይነት የሚለውን የአንድ ገጽ ፍለጋ ክፈት። ቡድን 05 ነዳጅ ነው፣ እሱን ንካ። ቀጥሎ ከሚመጡት ዕቃዎች «ቁጥር 2 ናፍጣ» የሚለውን ምረጥ። በወቅት ያልተስተካከለውን (ዋጋው ከወቅት ወቅት ሲለዋወጥ የሚታየው ያልወጣለትን) ብቻ ምልክት አድርግና ውሰድ።

ቀይ ወጥ፦
ስንቱን ዶላር «ኦ» በላው 😂

ሎድ ፈላጊ፦
መጣ!!! እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። ግን ሌላ ጣጣ። ቁጥሩ ባለ ሦስት አኃዝ ነው። ይሄ በሳንቲም ነው? ደግሞ ሠንጠረዡ የሚጀምረው ከአሥር ዓመት ወዲህ ነው፣ አንዳንዱ ቁጥር አጠገብም ቅንፍ ውስጥ ፒ አለ።

አሥራ ስምንት ጎማ፦
ሳንቲም? ብዬህ ነበር።

የቁጥር እናት፦
ሳንቲምም ዶላርም አይደለም። የ1982ን ዋጋ 100 ብለው የተነሱበት መለኪያ ነው። ሁለቱን ቁጥር ቀንሰህ ልዩነቱን ፐርሰንት ነው ብለህ እንዳትልክ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ለምሳሌ መነሻህ 200፣ የአሁኑ 250 ቢሆን ጭማሪው 50 ፐርሰንት አይደለም። 250ን ለ200 አካፍል፣ 1.25 ይመጣል። ጭማሪህ 25 ፐርሰንት ነው።
አሥር ዓመቱ ገጹ ራሱ የሚሰጥህ ነው፣ ከላይ የመጀመሪያውን ዓመት ቀይረህ አድሰው።
ፒዋ ጊዜያዊ ማለት ናት። ቁጥሩ ከወጣ ከአራት ወር በኋላ ሊከለስ ይችላል። ኮንትራትህ የትኛውን እንደሚል አንብብ። የመጨረሻውን ካለ ፒ ያለበትን አትጠቀም። ዝም ካለ ደግሞ የወሰድክበትን ቀን ደብዳቤው ላይ ጻፍ፣ ኋላ ተከልሶ ሲያዩት ዋሽቷል እንዳይሉህ።
ሌላው፣ ደብሊው ፒ ኤስ የሚል ኮድ ካየህ እለፈው። እሱ በወቅት የተስተካከለው ነው፣ የኋላ ዓመቱን ሳይቀር በየዓመቱ ይነካኩታል። ለኮንትራት ያልተስተካከለውን ውሰዱ የሚለው ቢሮው ራሱ ነው።

ጋሽ መዝገቡ፦
ጥሩ ብለሻል። እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር።

ቀይ ወጥ፦
በ1950ዎቹ አካባቢ ይደርሱ ነበር ጋሼ 😂

አሥራ ስምንት ጎማ፦
የሚቀጥለው ዓመት ሲታደስ በሳምንታዊው ዋጋ አስቀይረው። ለነገሩ ደንበኛህ እሺ ካለህ ነው።

ጣና ማዶ፦
ብሮውዘሩን ዘግተህ ስትከፍተው ሠራ አይደል?

የቁጥር እናት፦
ሎድ ፈላጊ፣ ለእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ ነው የቀረው። ላክከው?

አናጢው፦
ይቅርታ መሃል ገባሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት እሠራለሁ። የጣውላም እንዲህ ይገኛል?

የቁጥር እናት፦
ይገኛል። ቡድን 08 ውስጥ ነው። እዚያም ዜሮ ነው፣ ኦ አይደለም።

የቁጥር እናት፦
ሎድ ፈላጊ?